ኳስ ላይ የተቀመጠችው አምበል

ሜድስቶን፣ ሜልቦርን
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቃልኪ፣

በሰው አገር አሳድጎ ለሰው ዓይን ያበቃሽ አምላክ ስሙ ይክበር። ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ይድረስሽ። እኔና ባለቤቴ ታየች ደኅና ነን። ከእኔ ጋር ያልተስማማው ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ስንት ዘመን ሺፍት ሲገፋ ኖሮ፣ እኔ ጡረታ ስወጣ እሱም አብሮኝ ወጣ።

ስልክ ያልደወልኩት ስልክ ላይ አንቺ ስለምትቸኩዪ፣ እኔም ስለምጮህ ነው። ደግሞም እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ ሱዳን ገዳሪፍ ካምፕ ሳለሁ በደብዳቤ ነበር ያቆየችኝ። የአጎቴ ልጅ ብትሆንም እህቴ ነበረች። ስለዚህ በኢሜይልም ቢሆን አንቺን የማወራሽ በደብዳቤ ወግ ነው።

ቃልኪ፣ እዚህ አገር እጅ ኳስ የሚያውቅ አበሻ መፈለግ ሐምሌ ላይ እሸት እንደ መፈለግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ «ልጃችን የጀርመን ታዋቂ ኳስ ተጫዋች ናት» ስላቸው ይሰበሰባሉ። «በእጅ ነው» ስላቸው ይበተናሉ። የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ቶማስማ «በእጅማ ማንም ይጫወታል» አለኝ። እኔ የክር ፋብሪካ እጅ ኳስ ቡድን ግብ ጠባቂ ሆኜ ሁለት ጣቴን የሰበርኩት ሰውዬ ይህን ሰምቼ ዝም ልበል? አላልኩም። በዘጠኝ ዓመትሽ ጀርመን ስትገቢ ቋንቋ ስላልነበረሽ ኳስ እንዳስጨበጡሽ፣ ዛሬ የሮትሃይም አምበል እንደሆንሽ፣ ለጀርመን ብሔራዊ ቡድን እንደተሰለፍሽ፣ የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ጥቁር አዝሙድ ነስንሶ፣ «ቃ» ማለት አቅቶት «ካልኪ» የሚባል ዳቦ እንደሚሸጥ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። «ዳቦ?» አለኝ። አዎን፣ ዳቦ! በእሱ ስም ማን ቂጣ ጋገረ?

እንግዲህ የፈረምሽበት ማልያ አንድ ላኪልኝና ማኅበሩ አዳራሽ፣ ከወንበሩ በላይ እሰቅልበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ከዚያ በፊት ያለው እንቅልፍ ጥሎኝ አመለጠኝ እንጂ ያለፉትን ሁለት ጨዋታዎች ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ባይ ባይ አጣሁሽ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ የለሽም። ታመምሽ እንዴ?

አጎትሽ አዛርያስ

*

ሮትሃይም
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አዛርያስና ለእትዬ ታየች፣

እንደምን ከረማችሁልኝ? ጉልበትዎን ማርልኝ ብያለሁ። እኔ ደኅና ነኝ።

ማልያውን ልኬያለሁ። አቶ ቶማስን ግን አይጣሏቸው፤ እጅ ኳስን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ ከሁሉም ጋር ተጣልተን አንዘልቀውም።

ጨዋታ ላይ ያላዩኝ ትንሽ ዕረፍት ቢጤ ስለሆነ ነው። አልታመምኩም። እዚህ መሽቶ ሲነጋ ጭጋግ ነው። እናንተ ዘንድ በጋው እየገባ ስለሆነ ውሃ ጠጡ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ።

ሌላ የሚነገር አዲስ ነገር የለም።

ልጅዎ ቃልኪ

*

ሜድስቶን
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ማልያው ደርሶ ተሰቅሏል። አቶ ቶማስ ሲገባ ቀና ብሎ ያየውና ወንበሩን ወደ ግራ ይስባል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ትንሽ ዕረፍት ቢጤ» አልሽኝ። እናትሽም እንዲህ ነበረች፤ የሚያማት ነገር ሲኖር ስለ አየር ጠባይ ታወራ ነበር። ጭጋጉን ሳነብ ጠረጠርኩ። ሃሌሉያን ጠራኋት። ልጄን ታስታውሻታለሽ፣ ስሙን እኔ አውጥቼላት ሃይማኖቱን ጴንጤዎቹ ጋ ሄዳ ያመጣችው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ የጀርመኑን ጋዜጣ በስልኳ አስተረጎመች። «ዳዲ፣ ሳስፔንድ አድርገዋታል» አለችኝ።

ሳስፔንድ! አገዱሽ! ሮትሃይም በአንቺ ትከሻ አይደል እንዴ ሊግ ውስጥ የቆየው? ምን አደረግሽ? ሰው መታሽ? ተሳደብሽ? ጋዜጣው «ኳሱ ላይ ተቀመጠች» ይላል አለች ሃሌሉያ፤ ማሽኑ ተሳስቶ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሁለት ጊዜም ተቀመጠች አለ።

በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ።

አዛርያስ

*

ሮትሃይም
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን አሉ?

ማሽኑ አልተሳሳተም። ኳሱ ላይ ተቀምጬበታለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፣ እኩል ነን፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊና የምትባል የቡድኔ ልጅ አለች፤ ገና ሃያ አልሞላትም፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። የተጋጣሚያችን ተከላካይ በክርን ጭንቅላቷን መታቻት። ወደቀች። ሐኪሙ ይዟት ወጣ። አሰልጣኙ ግን ወዲያው መልሶ አስገባት። አጠገቤ መጥታ ስትቆም ዓይኗን አየሁት፤ እኔን ያየኛል፣ ግን አያየኝም። «ካልኪ፣ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?» አለችኝ።

አሰልጣኙን በእጄም በአፌም ለመንኩት፣ አውጣት አልኩት። «ተጫወቺ!» ብሎ ጮኸብኝ። በዚህ መሐል የሰባት ሜትር ተሰጠን። ለእትዬ ታየች ነው የማስረዳው፣ እርስዎ ያውቁታል፤ በእግር ኳስ ፍጹም ቅጣት ምት እንደሚሉት ነው፣ አንድ ወርዋሪና አንድ ግብ ጠባቂ። የምወረውረው እኔ ነኝ። ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። እኔ ኳሱን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። «ሊና ካልወጣች አልወረውርም» አልኩ።

ኳሱን ነጠቁን፣ እኔንም ቀጥተው አስወጡኝ፣ ባንድ ግብ ተሸነፍን። ሊና ግን ወጣች፣ ያን ምሽት ሆስፒታል አደረች። እስካሁን መብራት ሲበዛባት ራሷን ያዞራታል።

አሰልጣኙ «ቡድኑን ከድታለች» አለ። ክለቡ ያለኝ ይኼ ነው፤ በደጋፊው ፊት ይቅርታ ጠይቂ፣ ካልሆነ አትሰለፊም፣ በጋ ላይ የሚያልቀው ውልሽም አይታደስም። ደጋፊው ሁለት ጨዋታ ሙሉ «ያለ ካልኪ አንዘምርም» የሚል ባነር ይዞ ጸጥ ብሎ ስለተቀመጠ እንጂ ድሮ አባረውኝ ነበር።

እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከዚህ ሥራ ሌላ አላውቅም። ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ነገም ቢሆን እቀመጥበታለሁ።

ይጸልዩልኝ።

ቃልኪ

*

ሜድስቶን
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪ፣

ያቺን ልጅ የጠበቀ አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በደስታ፣ አንዴ በንዴት። ደግ አድርገሻል! የክር ፋብሪካ አሰልጣኛችን እንኳ፣ ያ ጨካኝ፣ ራሱ የዞረበትን ሰው አያሰልፍም ነበር።

ነገር ግን ልጄ፣ ሥራ ሥራ ነው። እኛ ስደተኞች ነን። ሥራ ያጣ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚሆን እኔ አይቻለሁ፤ ሰውየው ራሱ ቢኖርም ወንበሩ ይነሣል። አንቺ አትጎንበሺ። እኔም ጎንበሺ አልልሽም። ጎንበስ የሚሉ ሰዎች ሌላ አሉ፤ ለዚሁ ነው የሸበቱት። እኔ እያለሁ ልጄ ሜዳ ላይ አትቀርም። እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፣ እሱን ብቻ እወቂ።

አዛርያስ

ቃልኪዬ፣ እኔ ታየች ነኝ። ጽፎ ሲጨርስ ነጠቅኩት። ይሄ ሰውዬ ሰሞኑን በረንዳ ላይ ሆኖ በሹክሹክታ ስልክ ያበዛል። ሳልፍ «እሺ እሺ፣ ነገ» ይላል። ምን እየሸረበ እንደሆነ አላውቅም፤ ደስ ግን አላለኝም። አንቺ በርቺ። እኔ ብሆን ኳሱ ላይ ሳይሆን አሰልጣኙ ላይ ነበር የምቀመጠው።

*

ሮትሃይም
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታ አለኝ፤ ዛሬ ግን አይበዛም።

ባለፈው ሰኞ ብቻዬን ስሮጥ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፈገግ ብሎ መጣ። ስንት ሳምንት ፊቱን ያዞረብኝ ሰው «ቤተሰቦችሽ እንዴት ደስ የሚሉ ናቸው!» አለኝ። የትኞቹ ቤተሰቦቼ? እናቴ አፈር ውስጥ ናት፣ አባቴን አላውቀውም፣ እርስዎ የዓለም ጫፍ ላይ ነዎት። ቢሮው ስገባ ሦስት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ቡና ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው ተነሥቶ ጉንጬን ሳመኝ። «በአምላክ እባላለሁ፣ እዚሁ ጀርመን የምኖር የአዛርያስ የገዳሪፍ ወንድም ነኝ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ታርቀናል» አለኝ።

ታርቀናል!

ሥራ አስኪያጁ እየተገረመ አጫወተኝ። ወንበር ቢሰጧቸው እምቢ፣ ቡና ቢሰጧቸው እምቢ፤ «ይቅር ካላላችሁን አንቀመጥም» ብለው አሰልጣኙ ከልምምድ እስኪጠራ በሩ ሥር ቆመው ጠበቁ። ሲመጣ አጎነበሱለት። «ልጃችን አጥፍታለች፣ ስለ ሽበታችን ብለህ ማራት» አሉት። ያን ጊዜ ፎቶ ተነሣ። በማግሥቱ ክለቡ ፖስት አደረገው፤ «የካልኪ ቤተሰብ ይቅርታ ጠየቀ፣ ይቅርታውን በደስታ ተቀብለናል። ጥር 24 በሜዳችን ትመለሳለች፣ ለደጋፊዎቿም ራሷ ይቅርታውን ታነባለች» ይላል። ሺህ ሰው ልብ ሰጥቶበታል። «እንዴት ያለ ጨዋ ባህል!» ይላሉ። ባነሩን የያዙት ልጆች ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ፤ ምን ያድርጉ? እኔው ይቅርታ ጠይቄ የለ!

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ትናንት ሊና በሬን አንኳኳች። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። «ቤተሰብሽ ይቅርታ የጠየቀው ስለ እኔ ነው?» አለችኝ። «ታዲያ ጥፋትሽ እኔ ነበርኩ?»

ምን ልበላት? ይንገሩኝ፣ ጋሼ፣ ምን ልበላት?

ሽማግሌ አይላኩ ማለት ነበረብኝ? ለእጅ ኳስ ክለብ ሽማግሌ ይላካል ብሎ ማን ያስባል? ሚስት ልትጠይቁ ነው? በማን አፍ ነው «አጥፍታለች» ያላችሁት? አፉ የእኔ ነው። ያለኝም እሱ ብቻ ነበር።

ቃልኪ

*

ሜድስቶን
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪ፣

የዘገየሁት አፍሬ ነው። ገናን እንኳ እንኳን አደረሰሽ ሳልልሽ አለፈ። እዚህ ሙቀቱ አርባ ገብቷል፤ እኔ ግን የሚያልበኝ ከሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ተቆጣሁብሽ፣ አልዋሽሽም። «ደክመንላት ትሳደባለች» አልኩ። ሽምግልና ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ፈረንጅ ሆናለች አልኩ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ «ልጃችን አጥፍታለች» ሲል መፍረዱ አይደለም። ሸክሙን ቀድሞ ያወርዳል። ያኔ ያኛውም ወገን ያፍርና «የለም፣ እኔም አጥፍቻለሁ» ይላል። ከሁለት ወገን ነው የሚወርደው። ይህን ልጽፍልሽ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። በአምላክ ጋ ደወልኩ።

«አጎንብሳችሁ ስታበቁ አሰልጣኙ ምን አለ?» አልኩት።

«እጃችንን ጨበጠን።»

«እኔም አጥፍቻለሁ አላለም?»

«አላለም።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጣችሁ?»

«አዛርያስ፣ ደክሞን ነበር» አለኝ። በአምላክ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ በእሱ አልፈርድም። የላክሁት እኔ ነኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሞኙ እኔ፣ ሞፈሩ ያንቺ ስም።

አቶ ቶማስና ሌሎቹን ሰብስቤ ነገሩን ዘረዘርኩ። «ሥራዋ ተመለሰላት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ሽማግሌ ቃሉን አያነሣም» አሉኝ። እኔም ሲነሣ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ በእኔ ይጀመር! ሃሌሉያ በቪዲዮ ልትቀርጸኝ ተዘጋጅታለች፤ «ልጄ አላጠፋችም፣ የጠየቅነውን ይቅርታ መልሱልን» ብዬ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። አሁን ግን ሳላስፈቅድሽ አንድ እርምጃ አልሄድም። ልላከው?

አዛርያስ

ታየች ነኝ። ከገና ጀምሮ ምግብ እየገፋ ነው። ይግፋ፣ ሲያንሰው ነው። «ቃልኪን ጠየቅካት ወይ?» ብለው «ሽምግልና ለሴት አይነገርም» ብሎኝ ነበር። ይህን ሳይጽፍልሽ እንዳይቀር ብዬ ነው።

*

ሮትሃይም
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አዛርያስ፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ቪዲዮውን አይላኩት። አሁንም ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ አልፈልግም፣ እርስዎም ቢሆኑ። ንዴቴ አልበረደም፤ ቢሆንም «ለምን ተቀመጣችሁ?» ብለው መጠየቅዎን ወድጄዋለሁ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ አማርኛውን አስተማረችኝ እንጂ ሽምግልናውን ለማስተማር ዕድሜ አላገኘችም።

ጥር 24 ማይኩን ራሳቸው ይሰጡኛል። የማነበውን ጽፈው ልከውልኛል፤ ጥሩ ጀርመንኛ ነው። ጋሼ በአምላክንና ሁለቱን ሽማግሌዎች በስሜ ይጥሩልኝ፣ ትኬት አስቀምጥላቸዋለሁ። ምን እንደምል ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም አልነግርም፤ ደግሞ ሽማግሌ ይልኩብኛል።

ቃልኪ

*

ሮትሃይም
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አዛርያስና ለእትዬ ታየች፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዳያችሁኝ አውቃለሁ፤ በስክሪን የማይታየውን ልንገራችሁ።

ከጨዋታው በፊት መሐል ሜዳ አቆሙኝ። እጄ ሙጫ በሙጫ ነው፤ ኳስ እንዳያመልጠን የምንቀባው። ወረቀቱ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለ፣ ሰው ሳቀ። አላቅቄ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፤

«ሦስት ታላላቅ ሰዎች ለእኔ ብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ጥፋቱን ቀድሞ የሚወስደው ሌላው የራሱን እንዲናገር ድፍረት ለመስጠት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጠብቅ ነበር። ማንም ምንም አላለም። ስለዚህ የእኛን መልሼ ወስጃለሁ። እኔ አላጠፋሁም። ሊና ጥፋቴ አይደለችም። ነገም ያው ዓይን ካየሁ፣ ኳሱ ላይ እቀመጣለሁ።»

ሁሉም አላጨበጨበም። ያፏጨ ነበር፣ «ጨዋታው ይጀመር!» ብሎ የጮኸ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ማይኩን ወሰደው። አሰልጣኙ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ጨዋታው ተጀመረ።

ሽማግሌዎቹን ያየኋቸው ያኔ ነው። አምስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከኋላ ያለው ሰው «ተቀመጡ፣ አላየንም!» ይላል። ጋሼ በአምላክ ዞር ብለው በተሰባበረ ጀርመንኛቸው ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሰውየው ግን ተነሣ። ሚስቱ ተነሣች። ረድፉ ተነሣ። ባነሩን ጠቅልለው የሄዱት ልጆች በሩ ሥር ነበሩ፣ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። እረፍት ሲወጣ ከአዳራሹ ከግማሽ የሚበልጠው ቆሟል። አልዘመሩም፣ አልተሳደቡም፤ ቆሙ ብቻ። እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ። ያን ቀን ከቡድኔ አራቱ ከጎኔ ቆሙ፣ የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። አልቀየምኳቸውም፤ ልጆች አሏቸው፣ ቤት ኪራይ አለባቸው።

ሲያልቅ ወደ ጋሼ በአምላክ ሮጥኩ። የፊታቸውን ወንበር መደገፊያ ይዘዋል። «አባቴ፣ አሁን ይቀመጡ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ያኔ መቀመጤ ነው ያሳፈረኝ» አሉኝ። በባቡሩ ሳይቀር ቆመው ነው የሄዱት ብለው ሁለቱ በኋላ ደውለው ሲነግሩኝ ሳቄም እንባዬም መጣ።

ሰኞ ጠዋት ክለቡ ጠራኝ። ውሉ እስከ በጋ አይቆይም፣ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል። ሲነግሩኝ አሰልጣኙ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። አንድ የሁለተኛ ሊግ ክለብ ደውሎልኝ ነበር፤ ክለቤ ግን በዚህ ዓመት ለማንም እንዳልፈርም አድርጎ ነው የለቀቀኝ። የከርሞውን ከርሞ እናያለን። ለጊዜው ቤት ነኝ። ሊና ትናንት መጥታ አልጋዬ ላይ ተኝታ ዋለች፤ መብራት እንዳይረብሻት መጋረጃውን ዘጋሁላት። 

ልጅዎ ቃልኪ

*

ሜድስቶን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪ፣

ያቆመሽ አምላክ አያስቀምጥሽ። ከአሁን ወዲያ ምርቃቴ ይኸው ነው።

ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ሶፋው ላይ ሆነን አየንሽ። ሃሌሉያ ስትተረጉም ትንተባተብ ነበር፣ በኋላ መተርጎሙን ትታ በእንግሊዝኛ ብቻ ትጮህ ጀመር። «የእኛን መልሼ ወስጃለሁ» ስትዪ ታየች ትከሻዬን መታችኝ፣ እስካሁን ያመኛል። ቤት ውስጥ ማንም ሳያዘን ቆምን። ጉልበቴ? ጉልበቴን ተይው።

ውልሽ ተቋረጠ የሚለውን ሳነብ ግን ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኩሽ? ሽማግሌ ባልልክ ኖሮ ምናልባት ዝም ብለው እስከ በጋ ያቆዩሽ ነበር ብዬ ሌት ተቀን አሰብኩ። «መልሱን ከአንተም ከእኔም አታገኘውም፣ ተወው» አለችኝ ታየች። ይቅርታ በዪኝ፣ ልጄ። ይህን የምልሽ በሽማግሌ አይደለም፣ በራሴ አፍ ነው። ያንቺንም ወገን አልጠብቅም፤ አንቺ የምታወርጂው የለሽም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ምእመኑ ጥላ ጥላውን ይዞ ቆሞ ሳለ አቶ ቶማስ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አዛርያስ፣ ያቺ ልጅ አሁን ምን ትሠራለች?» አለኝ።

ቃልኪ፣ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። አንዱ ሺፍት ሲጠፋብኝ ሌላ እይዝ ነበር፤ ለሰው «ሥራ የለኝም» ከማለት ብሞት እመርጥ ነበር። ልጆቼንም እንዲሁ አድርጌ ነው ያሳደግኩት። ዛሬ ግን ከእሱ በላይ ጮክ ብዬ፣ «ሥራ የላትም!» አልኩት።

 ቄሱ ሳይቀሩ ዞር አሉ።

«ሥራ የላትም» አልኩ ደግሜ። «አባረሯት።»

አቶ ቶማስ ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ያን ሁሉ ቆማችሁ ምን አተረፋችሁ?» አለኝ።

«የአንዲት የሰው ልጅ ጭንቅላት» አልኩት።

አጎትሽ አዛርያስ